አንድ መድኃኒት፣ ሁለት እኅትማማቾች

ክቡር ዶክተር፤

በዋሽንግተን የምኖር የሚጠባ ሕፃን ያለኝ እናት ነኝ። ጥርሴን በተነቀልሁ ጊዜ የታዘዘልኝ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ከልክ በላይ አደንዝዞ አስተኛኝ፤ እኅቴን ግን ምንም አላደረጋትም። የዘረመል ምርመራ ያስፈልገኛልን?

መልስ፦

ክብርት እመቤት ሆይ፤

ኮዴይን ኃይሉን የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ሲፒዋይ 2ዲ6 በተባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነውና፣ ይህን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረመል በባሕርዩ ተደጋግሞ በተገኘበት ሰው ደም ውስጥ ልከኛው መጠን እንኳ ከልክ ያለፈ ሞርፊን ያፈራል። በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ዘንድ እጅግ ጥቂት የሆነው ይህ መደጋገም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 በሚሆኑት ታይቷል። እኅትማማቾችም ብትሆኑ ከወላጆቻችሁ የደረሳችሁ ዕጣ አንድ ላይሆን ይችላል። ድካምም ሆነ ሌላ መድኃኒት ሊያስተኛ ስለሚችል ግን፣ ከአንድ ቀን እንቅልፍ ተነሥቼ በእርግጥ ይህ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሐኪሞች ዘረመልን አንብበው መድኃኒት የሚያዝዙበት ዘመን ገና በተስፋ ብቻ የሚነገር ይመስለን ይሆናል እንጂ፣ በደም ወይም በምራቅ የሚደረገው ይህ ምርመራ በሚኖሩበት አገር አለ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያው የደረሰብዎን በሕክምና መዝገብዎ ያስጽፉ፤ ኮዴይንንና በዚሁ ኢንዛይም የሚበረታውን ትራማዶልን አይውሰዱ፤ ከእነርሱ የሚገኘው ብርቱ ንጥረ ነገር በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በሲፒዋይ 2ዲ6 ወደ ሞርፊን ስለማይለወጡ፣ ስለ እነርሱ ፋርማሲስቱን ያማክሩ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ተወስዶ የእርስዎ ወይም የሕፃኑ ትንፋሽ ቢዘገይ፣ ወይም ሕፃኑ ለመጥባት እንኳ መንቃት ቢያቅተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ 911 ይደውሉ።