ጭስ የነካው የወይን ፍሬ በምን ይታወቃል?

በወይን እርሻ አቅራቢያ ደን ሲቃጠል እሳቱ ያልደረሰበት ባለእርሻም ከኪሣራ ላያመልጥ ይችላል፡፡ ፍሬው ለዐይን ያምራል፣ ሲበሉትም ይጣፍጣል፡፡ ተጠምቆ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን አመድ አመድ ይላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ በናፓና በሶኖማ የደረሰው ይኸው ነው፡፡ እሳቱ በነሐሴ ተነሣ፣ በመስከረም ደገመ፤ ፍሬው በሚበስልበትና ለጭስ ይበልጥ በሚጋለጥበት ሰሞን መሆኑ ነው፡፡

ለመሆኑ ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል? እንጨት ሲነድ ጓያኮልና 4-ሜቲልጓያኮልን የመሳሰሉ ውህዶች ከጭሱ ጋር ይወጣሉ፡፡ በልጣጩ ሰርገው ገብተው ከፍሬው ስኳር ጋር ይተሳሰራሉ፡፡ የታሰረው ሽታ የለውም፤ ወይኑ ሲብላላ፣ ሲከርም፣ አልፎም በጠጪው አፍ ውስጥ ሲፈታ ነው የሚያጋልጠው፡፡ ስለዚህ ፍሬውን በውኃ ማጠብ የላዩን አመድ ያነሣ እንደሆነ እንጂ የገባውን አያወጣም፡፡

ላቦራቶሪው ነፃውን ውህድ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለካል፡፡ ውጤቱ የሚጻፈው በኪሎ ማይክሮግራም፣ ማለትም ከቢሊዮን እጅ ስንት እጅ ተብሎ ነው፡፡ ነፃውን ብቻ ያስለካ ግን የሒሳቡን ከፊል ብቻ አየ፤ የታሰረው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፡፡ ሌላም ጣጣ አለ፡፡ ሺራዝን የመሰለ ዝርያ ጭስ ሳይነካውም ጓያኮል በተፈጥሮው አለው፡፡ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ጭስ ካልነካው ተመሳሳይ ዝርያ ጋር ሲነጻጸር ነው፡፡ በአደሌድ የሚገኘው የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ለዝርያዎቹ እንዲህ ያለ መነሻ መረጃ አሰባስቧል፡፡

በእኛ አስተያየት ከወረቀቱ ይልቅ የሚታመነው የባልዲ ጠመቃ ነው፡፡ ከአዝመራው በፊት ከየረድፉ ጥቂት ፍሬ ተለቅሞ ይጠመቃል፤ ወይኑ ይለካል፣ ይቀመሳልም፡፡ ችግሩ ጊዜ ነው፡፡ በ2020 ላቦራቶሪዎች በናሙና ብዛት ተጨናንቀው ውጤት ለማግኘት ሳምንታት ይፈጅ ነበር፡፡ የበሰለ ፍሬ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም፡፡

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከውሉ ነው፡፡ «ጭስ የነካው አንቀበልም» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ገዥ በፈለገው ቁጥር ፍሬውን ይመልሳል፤ ሁሉም የተስማማበት አንድ ወሰን የለምና፡፡ የትኛው ውህድ እንደሚለካ፣ ከስንት በላይ ሲሆን እንደሚመለስ፣ የምርመራውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጻፍ፡፡ ናሙናውንም ሁለቱ ወገኖች አብረው ይልቀሙ፤ ግማሹ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፣ ግማሹ ምናልባት ክርክር ቢነሣ በማቀዝቀዣ ይቆይ፡፡