በቡድን ወደ ኦማን ከመጓዝዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የኦማን የቡድን ጉዞ መርሐ ግብሮች ሲታዩ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ምሽግ፣ አሸዋ፣ ግመል፣ ገበያ። የቦታዎቹ ዝርዝር ሲረዝም ለሚከፈለው ገንዘብ የበለጠ የሚገኝ ይመስላል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን መርሐ ግብሩ የተሠራው በማን ሰዓት ነው የሚለው ነው። ኦማን ውስጥ ጊዜን የሚከፋፍሉት ፀሐይ፣ ስግደት፣ ዓርብና ወቅት ናቸው። ከእነዚህ ጋር የተጣላ ዕቅድ፣ ሆቴሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንግዳውን በሩ ከተዘጋ በኋላ ያደርሰዋል። የማኅበርዎን አባላት፣ ቤተሰብዎን ወይም የሥራ ባልደረቦችዎን አስተባብረው ገንዘብ ከመሰብሰብዎ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይመርምሩ።

1. ወሩ ትክክለኛ ነው?

ለሰሜኑ ኦማን፣ ማለትም ለመስቀጥ፣ ለኒዝዋና ለአሸዋው በረሃ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ቁርያት በምትባለው የባህር ዳርቻ ከተማ ሌሊቱን እንኳ ከ42.6 ዲግሪ በታች አልወረደም። በእንዲህ ያለ ወቅት በቅናሽ የሚሸጥ የበረሃ ጉዞ ለአረጋውያንና ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ደቡቡ ሌላ ነው። ሰላላ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ኸሪፍ በሚሉት የዝናም ወቅት በካፊያና በጉም ትሸፈናለች፤ ተራሮቿም ይለመልማሉ። በዚያ ጊዜ የባህረ ሰላጤው ሕዝብ ወደዚያው ስለሚጎርፍ አልጋ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

ይጠይቁ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለው ሥዕል በእኛ ወር የሚታይ ነው? ራስ አል ጂንዝ በሚባለው የባህር ዳርቻ ላይ እንቁላል ለመጣል የሚወጡት አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች፣ ለምሳሌ፣ በብዛት የሚታዩት በሞቃቱ ወራት ነው።

2. ረመዳንና ዓርብ ተቆጥረዋል?

ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል። በእነዚህ ዓመታት የሚውለው ለጉብኝት በሚመቹት ቀዝቃዛ ወራት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚጀምረው በፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ነው። በጾሙ ቀን በአደባባይ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ለእንግዳም ክልክል ነው። አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ የሥራ ሰዓትም ያጥራል። በአንጻሩ ከተሞቹ ከመግሪብ፣ ማለትም ከፀሐይ መጥለቂያው ስግደት በኋላ ይነቃሉ። ስለዚህ ቡድንዎ ሌሊቱን ነቅቶ ለመቆየት ፈቃደኛ ከሆነ ረመዳን ጥሩ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነ ቀኑን ይለውጡ።

የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ እስከ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅና መሥሪያ ቤት ዝግ ነው።

ይጠይቁ፦ ዓርብ ዕለት የት ነው የምንውለው?

3. የየቀኑ ሰዓት ከቦታው ጋር ይገጥማል?

መስቀጥ ያለው ታላቁ የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ የሚገባው ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አጻጻፍ ከ8 እስከ 11። ከሰዓት በኋላ የሚያደርስ መርሐ ግብር ከውጭ ፎቶ አስነስቶ ይመልስዎታል። ውስጡ 600 ሴቶች በኢራን አራት ዓመት የሠሩት፣ 70 ሜትር በ60 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ምንጣፍ አለ። ለዚህ የሩብ ሰዓት ቆይታ አይበቃም።

ቀትር ላይ ደግሞ ጉብኝት ሊኖር አይገባም። ጠዋት ማልዶ መውጣት፣ ቀትርን ማረፍ፣ ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንደገና መንቀሳቀስ ነው ደንቡ።

4. ባህሉን የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ያገኙታል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ምሳሌ ኒዝዋ ናት፤ ከመስቀጥ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ዓርብ ጠዋት ከምሽጉ ሥር የፍየል ገበያ ይቆማል። ሻጮቹ በነጭ ዲሽዳሻ ቀሚስና በባለ ጥልፍ ኩማ ቆብ፣ ፍየላቸውን በገመድ እየሳቡ ክቡን ይዞራሉ፤ ዋጋ ይጠራሉ። ገዢው ከዳር ቆሞ ወይም ተቀምጦ እጁን ይዘረጋል፤ ፍየሉ ይቆማል፤ ጥርሱና ጡቱ ይታያል፤ ካልተስማሙ ዙሩ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ረፋዱ ሳይገባ ያበቃል። ከመስቀጥ ዓርብ ጠዋት ቁርስ በልቶ የሚነሣ ቡድን ባዶ ሜዳ ያገኛል። ሐሙስ ማታ ኒዝዋ ማደር የግድ ነው።

ምሽጉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ አል ያእሩቢ ናቸው። ወደ ክቡ ግንብ የሚያወጣው ደረጃ ጠባብ ነው፤ ከየበሩ በላይ የፈላ የተምር ሽሮፕ በጠላት ላይ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩት። የባህላ ከተማ ምሽግ ግን እንዳያልፍዎ፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከምሽጎቹ በላይ የሀገሩን ጠባይ የሚያሳየው ፈለጅ ነው። ፈለጅ ከተራራ ሥር የሚመነጭን ውኃ በቁልቁለት ብቻ ወደ ተምር እርሻና ወደ መንደር የሚያወርድ ቦይ ሲሆን፣ ወደ 3,000 የሚሆኑት አሁንም ይሠራሉ። አምስቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ፈለጅ ዳሪስ ኒዝዋ አጠገብ ነው። ውኃው ለገበሬዎች የሚከፋፈለው በጊዜ ነው። ቀን በፀሐይ ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት አቆጣጠር የእያንዳንዱ ተራ ይለካ ነበር። አስጎብኚው ከቦዩ ዳር ተቀምጦ ይህን ካላስረዳ ቡድኑ ያየው የሚፈስ ውኃ ብቻ ይሆናል።

ለኢትዮጵያዊ ልዩ ትርጉም ያለው ደግሞ የዕጣን ምድር ነው። ከሰላላ በስተሰሜን ያለው ዋዲ ዳውካ፣ የጥንቶቹ ወደቦች ኮር ሮሪና አል በሊድ፣ ከሺስር ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሰላላ ባለችበት በዶፋር ክፍለ ሀገር የሚበቅለው ዕጣን ዛፍ በመተማና በትግራይ ቆላ ከሚበቅለው ዕጣን ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቅርፊቱን ፍቀው ሙጫውን እንዲደርቅ የሚተዉበት ዘዴም ከእኛው ሀገር ጋር የተቀራረበ ነው። ከመስቀጥ እስከ ሰላላ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በአውሮፕላን ካልሆነ በአንድ ሳምንት ጉዞ ውስጥ አይሞክሩት።

5. መኪናውና መንገዱ ተነግሯል?

ወደ ጀበል አኽደር ተራራ የሚያወጣው መንገድ ላይ የፖሊስ ኬላ አለ፤ ፎር ዊል ያልሆነ መኪና አያልፍም። ወደ ሸርቂያ (ዋሂባ) አሸዋም አውቶቡስ አይገባም፤ ቢዲያ ከተማ አካባቢ ይቆምና ተጓዡ በሌላ መኪና ወደ ድንኳኑ ሰፈር ይወሰዳል። ይህ ወጪ በዋጋው ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ዋዲ የሚባሉት ደረቅ የወንዝ ሸለቆዎች ዝናም ሲጥል በደቂቃዎች ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የደረሰው ጎርፍ ተማሪዎችን ጨምሮ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። የአየር ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ጉዞውን የሚሰርዝ አዘጋጅ ይምረጡ፤ ውኃ የሚሻገር ሹፌር ካጋጠመ እንዲቆም ይንገሩት።

6. ልብስ፣ አክብሮት፣ ፎቶ

ወንድም ሴትም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይያዝ። መስጊድ ውስጥ ሴቶች ፀጉራቸውን፣ ክንዳቸውንና እግራቸውን ይሸፍናሉ፤ ነጠላ ለፀጉር ይበቃል፣ ስስ ካልሆነ። ሰውን በተለይም ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም።

ቤት ከተጋበዙ ተምር ወይም ሐልዋ ይቀርባል፤ ከዚያ ሄል የገባበት ቡና ይከተላል። በቀኝ እጅ ይቀበሉ። እንደ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የተቆጠረ አይደለም፤ ፍንጃሉን ወዝወዝ አድርገው እስኪመልሱ ድረስ ይቀዳል።

7. ምግብና ጾም

የቡድን ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ሩዝና ሥጋ ነው፤ ሹዋ የሚሉት በከርሰ ምድር የሚበስል በግ በበዓል ይቀርባል። በቡድኑ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾምን የሚጾሙ ካሉ ምስር፣ ሑሙስ፣ ሰላጣና ተምር እንዲዘጋጅላቸው ከመነሣትዎ በፊት ይጻፉ። በረሃ መሃል ሌላ ምግብ ቤት የለም።

8. ቪዛ፣ ገንዘብና ውል

የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የብዙ የአውሮፓ ሀገራት ፓስፖርት ያለው እስከ 14 ቀን ያለ ቪዛ ሊገባ ይችላል፤ የመመለሻ ቲኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና የጤና መድን ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ፓስፖርት ሲኖር ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት አይቁረጡ። ቪዛ የሚሰጠው የኦማን ንጉሣዊ ፖሊስ ነው፤ በደላላ ሳይሆን በራሱ ድረ ገጽ ያመልክቱ።

አንድ የኦማን ሪያል 1,000 ባይሳ ነው፤ ወደ 2.60 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘራል። ዋጋ ሲያወዳድሩ ይህን አይርሱ፤ ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ይቀበሉ፦ የየቀኑን መርሐ ግብር ከሰዓቱ ጋር፣ የሆቴሎቹን ስም፣ በዋጋው ያልተካተቱ ወጪዎችን፣ የስረዛና የገንዘብ ተመላሽ ደንብን፣ ከቅርስና ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መመደቡን።

9. ቡድኑ ራሱ

ቡድኑ በጣም ትልቅ ሆኖ አስጎብኚው አንድ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው ምንም አይሰማም። የቡድኑን ፍጥነት በጤናው ደካማ በሆነው ሰው ልክ ይወስኑ። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ የሐኪም ማዘዣውን ይያዝ። የሚያስተባብር አንድ ሰው ይምረጡ፤ መነሻ ሰዓትን በተመለከተ ቃሉ የመጨረሻ ይሁን።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት መርሐ ግብር በእጅዎ ቢቀር፣ ቦታ የቀነሰውንና ኒዝዋ ሐሙስ የሚያሳድረውን ይምረጡ። አዘጋጁ የዓርቡን፣ የቀትሩንና የመኪናውን ጥያቄ በጽሑፍ ካልመለሰ ቀብድ አይክፈሉ።