«ጓደኛህ የከፈተውን መልስለት» እስከ መቼ?

ብሪጅ የሚማር ሰው መጀመሪያ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ጓደኛህ የከፈተልህን መልስለት» የሚለው ነው። ክፉ ምክር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ጣጣው አንዴ ከተለመደ በኋላ እጅ ከራስ ቀድሞ መሮጡ ነው። ውሉ ኖትራምፕ ሲሆን ደግሞ ይህ ችኮላ ያስከፍላል።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት እንበል። 52ቱ ካርታ ለአራት ሰው ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጓደኛሞች ናቸው። አራቱም አንዳንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ዙር ይሞላል፤ የተጀመረው ዓይነት በእጁ ያለ ሰው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ወገን «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን» ብሎ ውል ይገባል። በሌሎቹ ውሎች አንዱ ዓይነት ገዢ ስለሚሆን የሌላው አስ እንኳ በገዢው ሁለት ሊበላ ይችላል። በኖትራምፕ ገዢ የለም። ስለዚህ ሌሎቹ ስፔድ ካለቀባቸውና ጀማሪው እርስዎ ከሆኑ፣ በእጅዎ የቀረችው ተራ የስፔድ ሦስት እንደ አስ ዙር ትወስዳለች።

በጣም የሚዘወተረው 3 ኖትራምፕ ነው። ምክንያቱ ነጥብ ነው፦ ከስድስት በላይ ላለው የመጀመሪያ ዙር 40፣ ለቀጣዮቹ 30 እና 30፣ በድምሩ 100 ይገኛል፤ 100 ደግሞ ሙሉ ጌም ነው። ለዚህ 9 ዙር ይበቃል። በስፔድ ወይም በኸርት ቢሆን 10፣ በዳይመንድ ወይም በክለብ ቢሆን 11 ያስፈልግ ነበር። ለተከላካዮች ሒሳቡ 5 ዙር ነው። ትልልቆቹ ካርታዎች በአብዛኛው ከባለ ውሉ ወገን ናቸው፤ የተከላካዮቹ ብልጫ የመጀመሪያውን ካርታ የሚጥሉት እነሱ መሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ረጅም ዓይነቱን ነጻ ያወጣል የሚል ሽቅድምድም ይሆናል።

ለዚህ ነው መክፈቻው ብዙ ጊዜ ከረጅሙ ዓይነት አራተኛው ትልቅ ካርታ የሚሆነው። ይህ ልማድ ለጓደኛ የሚነግረው ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮበርት ፎስተር የተባለው የዊስት ጸሐፊ ያስተዋወቀው «የ11 ሕግ» ይባላል፦ የተጣለውን ቁጥር ከ11 ይቀንሱ፤ የቀረው ከዚያ ካርታ የሚበልጡ ካርታዎች በሌሎቹ ሦስት እጆች ስንት እንዳሉ ይነግርዎታል። ምሥጢር የለውም። አስን 14 ብለን ብንቆጥር ከአምስት የሚበልጡ 9 ካርታዎች አሉ፤ ሦስቱ በጣዩ እጅ ናቸው፣ አምስቱ አራተኛው ነውና። ስድስት ይቀራሉ።

አሁን እርስዎ በምሥራቅ ወንበር ተቀምጠዋል እንበል። ደቡብ ጨረታውን በ1 ኖትራምፕ ከፈተ፤ በብዙዎች ስምምነት ከ15 እስከ 17 ነጥብ ማለት ነው። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ስለሚቆጠር በጠቅላላው ካርታ 40 ነጥብ አለ። ሰሜን 3 ኖትራምፕ ብሎ ዘጋ። ጓደኛዎ ምዕራብ ኸርት አምስት ጣለ፤ የባለ ውሉ የደቡብ ጓደኛ ሰሜንም እንደ ደንቡ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፦

ስፔድ፦ አስ፣ 10፣ 5
ኸርት፦ 8፣ 3
ዳይመንድ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 6
ክለብ፦ 8፣ 5፣ 2

የእርስዎ እጅ ደግሞ፦

ስፔድ፦ 8፣ 6፣ 2
ኸርት፦ ንጉሥ፣ 9፣ 4
ዳይመንድ፦ አስ፣ 5
ክለብ፦ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 3

ኸርት ንጉሥን ጣሉ፤ ደቡብ ሳያመነታ በአስ ወሰደ። ወዲያው ዳይመንድ ጀመረ፤ እርስዎ በአስ ወሰዱ። አሁን ምን ይጥላሉ? እጅ ወደ ኸርት ዘጠኝ ይሄዳል። ይቆይ።

በመጀመሪያ የደቡብን ችኮላ እንመርምር። በ11 ሕግ ስድስት ካርታዎች ከአምስት ይበልጣሉ፤ ሰሜን ስምንትን፣ እርስዎ ንጉሥንና ዘጠኝን ይዛችኋል፤ ሦስቱ የደቡብ ናቸው። በኸርት ያለው መከላከያ አስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ዙር ሳይወስድ ይቆይ ነበር፤ እርስዎ ኸርት እስኪያልቅብዎት ድረስ። አልቆየም። እንግዲያው ንግሥቲቱም ከእሱ ዘንድ ናት ብሎ ማመን ይቻላል።

ቀጥሎ የእሱን ዙሮች ይቁጠሩ፤ ብዙ ተጫዋች የሚዘለው ይህን ነው። የእርስዎ አስ ስለወጣ አራት የዳይመንድ ዙር አለው፤ ወደ ሰሜን እጅ መግቢያውም የስፔድ አስ ነው። ሁለት ኸርት፣ አንድ የስፔድ አስ፤ ሰባት ሆነ። ሁለት ብቻ ይቀሩታል። ኸርት ቢመልሱ በንግሥቲቱ ይወስድና የቀሩትን ፍለጋ ይሄዳል፤ ምዕራብም ኸርቱ ነጻ ቢወጣለት እንኳ የሚጫወትበት ጊዜ አያገኝም።

ነጥቡን እንደምር። ሰሜን 10፣ እርስዎ 10፣ ደቡብ ቢያንስ 15፤ ለምዕራብ ቢበዛ 5 ይቀራል። እነዚህ አምስት ነጥቦች የት ቢሆኑ ይጠቅሙናል? የስፔድ ንጉሥ ቢኖረው ሁለቱ ትልልቅ ክለቦች የደቡብ ይሆናሉና ባለ ውሉ ዘጠኙን ጨርሷል። የክለብ ንጉሥ ብቻ ቢኖረው ደቡብ በክለብ አስና በስፔዶቹ ያመልጣል። የቀረው አንድ ተስፋ ነው፦ ምዕራብ የክለብ አስን መያዙ፣ ከጎኑም ሁለት ትናንሽ ክለቦች መኖራቸው። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን ውሉ የሚሰበረው በዚህ ብቻ ከሆነ እንዲህ ነው ብሎ መጫወት ነው።

ስለዚህ የክለብ ንግሥት! አራቱም እጆች ሲገለጡ ደቡብ በክለብ ንጉሥና ስድስት፣ ምዕራብ አስ፣ ዘጠኝና አራት አላቸው። ደቡብ ንጉሡን ቢጥል አስ ይበላዋል፤ ቢያቆየው ንግሥቲቱ ትወስድና በሚቀጥለው ዙር ንጉሡ ያው ከአስ ሥር ይወድቃል። አምስቱም ክለቦች ይወሰዳሉ። ከዳይመንድ አስ ጋር ስድስት፤ ውሉ በሁለት ዙር ወደቀ። ኸርት ቢመለስ ግን ደቡብ በስፔድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክና አራት ስለነበረው አሥር ዙር ይወስድ ነበር።

የምዕራብም ሥራ ቀላል አይደለም። የክለብ አሱን ከወሰደ በኋላ የራሱ ረጅም ኸርት ያጓጓዋል። ጓደኛው ግን ኸርቱን እያወቀ ትቶ ወደ ክለብ ዞሯል፤ ስለዚህ የሚመልሰው ክለብ ነው።

ነገሩ በአንድ ካርታ ይገለበጥ ነበር። ደቡብ በመጀመሪያው ዙር አሱን አቆይቶ የኸርት ንጉሥ ቢያልፍ ኖሮ፣ ንግሥቲቱ ከምዕራብ ጋር የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነበርና ኸርት መመለሱ ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚጣለው ዘጠኙ ነው፤ ከቀሩት ሁለት ትልቁ ሲጣል ምዕራብ በምሥራቅ እጅ ስንት ኸርት እንደነበረ ይገምታል፣ የደቡብንም ከዚያ ያሰላል።