ነገሮች እንዴት መስታወት ይሆናሉ?

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ መስታወት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። መስታወት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የመስኮቱ ነው አይደል? ግን ብዙ ነገሮች መስታወት መሆን ይችላሉ። እንዴት?

ጠዋት የሰልፍ ደወል ሲደወል አስቡ። ጊዜ ካገኘን በየክፍላችን ቀጥ ብለን እንሰለፋለን። ገና እየተሯሯጥን መምህሩ በድንገት «ባላችሁበት ቁሙ!» ቢሉን ግን እንደተበታተንን ደርቀን እንቀራለን። የቀለጠ ነገርም እንደዚሁ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ተሰልፈው ክሪስታል ይሆናሉ። ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ሳይሰለፉ ይጠጥራሉ። መስታወት ማለት ይሄ ነው። ለምሳሌ የስኳር ፍሬ ክሪስታል ነው። ቀልጦ ከረሜላ ሲሆን ግን መስታወት ሆነ ማለት ነው!

የመስኮት መስታወት ከአሸዋ ይሠራል። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ በቀላሉ እንዲቀልጥ ሶዳ አሽ፣ ውሃ እንዳያሟሟው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ይጨመርበታል።

የዚህ ሂደት ጥቅም ምንድን ነው?

1ኛ. ሲኒ፦ እንስራ ውሃ ሲሞላ ከውጭ ያልበዋል፣ ሲኒ ግን አያልበውም። እንስራ የሚተኮሰው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ሲኒ ግን ከ1200 ዲግሪ በላይ ስለሚተኮስ ከውስጡ የተወሰነው ክፍል ቀልጦ መስታወት ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም ስለሚያልበው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም በየሥራቸው ጎበዝ ናቸው።

2ኛ. ባልጩት፦ ይህ እሳተ ገሞራ የሠራው ጥቁር መስታወት ነው። ሲሰበር ጠርዙ በጣም ስለታም ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ በሚባል ቦታ የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከ270,000 ዓመት በላይ ነው!

3ኛ. አደገኛ ቆሻሻ፦ እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች ከኑክሌር ነዳጅ የሚወጣው በጣም አደገኛ ቆሻሻ ከቀለጠ መስታወት ጋር ተቀላቅሎ በብረት ዕቃ ይታሸጋል። መስታወት አይበሰብስም፣ በውሃም ቶሎ አይሟሟም፤ ስለዚህ መርዙን ይዞ ያቆየዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን እናስብ። ባልጩት ያን ሁሉ ዘመን ከቆየ፣ ሜዳችን ላይ የተሰበረው ጠርሙስስ መቼ ይጠፋል? ዝናብ አያሟሟውም፣ አፈርም አይበላውም። ኳስ ስንጫወት ስንቶቻችን እግራችንን ተቆርጠናል! እኛ ዛሬ ካላነሳነው ከኛ በኋላ የሚመጡትንም ይቆርጣል። ስናነሳው ግን በእጃችን ሳይሆን በመጥረጊያና በአካፋ ይሁን። መስታወት ደግሞ እንደገና ቀልጦ አዲስ ጠርሙስ መሆን ስለሚችል ለብቻው እናጠራቅመው።