ጭርትና ቅባቱ፦ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለለጋሾች የቀረበ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን ጭርትን በቅባት ስለ ማከም ነው። ጭርት የሚገድል በሽታ ባለመሆኑ ርእሱን አቅልሎ የሚመለከት አይጠፋም። በይፋት ቆላ የቲም በሚያሳድጉ ቤቶች ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ ክብ ምልክት ከወጣበት ልጅ ጋር ባልንጀሮቹ ምንጣፍ መጋራትን ይጠየፋሉ፤ እርሱም ከመድረሳውም ከትምህርት ቤቱም ቀስ በቀስ ይቀራል። ጠያቂ አባት የሌለው ልጅ እንዲህ ሲቀር ቶሎ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለደረሰ መንገደኛ ስለ ሙቀቱ መንገር አያሻም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ እስከ አጣዬና ሰንበቴ ባለው ቆላ ላብ ከሰውነት አይለይም፤ በመስኖ ማሳ የሚውል ሰው እግሩም እንደ ረጠበ ይውላል። ጭርትን የሚያመጣው ፈንገስ የሚወደው ይህንኑ ሙቀትና እርጥበት ነው። በቆዳ ንክኪ፣ በጋራ ፎጣ፣ በቆብ፣ በማበጠሪያና በራስ መላጫ ምላጭ ይተላለፋል፤ ከጥጃም ወደ እረኛ ልጅ ይሻገራል። ስለዚህ ልጁን «አልታጠብክም» ብሎ መገሠጽ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፈንገሱ የሚኖረው በላይኛው የሞተ የቆዳ ሽፋን ውስጥ ሲሆን፣ የሚመገበውም ቆዳ፣ ፀጉርና ጥፍር የተሠሩበትን ኬራቲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር እየሰፋ ስለሚሄድ መሐሉ የዳነ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ከፍ ብሎና ቅርፊት ይዞ ይቆያል። ፈንገሱ በብዛት የሚገኘውም በዚያው ጠርዝ ነው። መሐሉን ብቻ የሚቀባ ሰው እንግዲህ ሌባው ከወጣበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው።

በመድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚገኙት ክሎትሪማዞል 1 በመቶና ሚኮናዞል 2 በመቶ ናቸው። ሁለቱም ፈንገሱ የሕዋሱን ሽፋን የሚገነባበትን ኤርጎስቴሮል የተባለ ስብ መሰል ነገር እንዳያመርት ያግዱታል። የዊትፊልድ ቅባት የሚባለው የቆየ መድኃኒት ደግሞ የቆዳውን ቅርፊት እየላጠ ያክማል፤ ስለሚያቃጥል ለፊትና ለብሽሽት አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰር ግን ቆዳውን አቃጥሎ ሌላ ቁስል ያመጣልና መተው አለበት።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ቦታው በውሃና በሳሙና ታጥቦ በሚገባ ይደርቃል። ከዚያም ቅባቱ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ በስሱ ይቀባል፤ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በዉዱእ እንዳይታጠብ ከሱብሒ ሶላት በኋላና ከዒሻእ ሶላት በኋላ መቀባቱ ይመቻል። በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ የሚበረታው ከዉዱእ በኋላ እግርን ሳያደርቁ በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ በመክተት ነውና፣ ለእግር የተለየች ጨርቅ ማዘጋጀት ከቅባቱ ያላነሰ ጥቅም አላት። ጎረምሶች ደግሞ የብሽሽታቸውን ማሳከክ አፍረው አይናገሩም፤ በሽርጥ ስር የሚደበቀው ሕመም በዚሁ ቅባት ይታከማልና ሳያሳፍሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ማሳከኩ ቶሎ ይበርዳል፤ ፈንገሱ ግን ገና አልሞተም። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ምልክቱ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት መቀጠል ይገባል። አንዲት አክስት ሦስት የቲሞችን ታሳድጋለች እንበል፤ ሦስቱም የአዋቂ እጅ የሚያክል ጭርት አለባቸው። ከአዋቂ ጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሁለት እጅ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያክል ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ በቀን ግማሽ ግራም፣ ለአራት ሳምንት 14 ግራም፣ ለሦስቱ 42 ግራም ያስፈልጋል። አክስቲቱ አንድ ባለ 20 ግራም ቲዩብ ገዝታ ለሦስቱ ብታካፍል በሁለት ሳምንት ያልቃል። ጭርቱ ይመለሳል፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ያልሠራው ግን የቲዩቡ ብዛት ነበር።

ከዚህ የሚብሰው የተሳሳተ ቅባት ነው። ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል በስም ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን ተቃራኒ ናቸው። ክሎቤታሶል፣ እንደ ቤታሜታዞን ሁሉ፣ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ማሳከኩንና መቅላቱን በጥቂት ቀናት ያጠፋል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል። ፈንገሱ ግን ያለ ተቃዋሚ ይስፋፋል፣ ክብ ቅርጹም ስለሚጠፋ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል፤ ቆዳውም ይሳሳል። ስቴሮይድ፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መድኃኒት ሦስቱን አደባልቀው የያዙ ቅባቶችም አሉ። በህንድ እነዚህ ድብልቆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሰፊው መሸጣቸው ለመድኃኒት አስቸጋሪ የሆነ የጭርት ወረርሽኝ እንዲስፋፋ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ተርቢናፊን የተባለውን መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚቋቋመው የፈንገስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2020 ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒዬ ተብሎ ተሰይሟል፤ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል።

የራስ ቆዳ ጭርት፣ ማለትም ቆረቆር፣ በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ ከፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ግሪሶፉልቪንን የመሰለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል፤ መጠኑንም በልጁ ክብደት የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ቆረቆር ላለበት ልጅ ቅባት ደጋግሞ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

ክብ ምልክት ሁሉም ጭርት አይደለም። ሌሊት የሚብስና የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያሳክክ፣ በጣቶች መካከልም የሚወጣ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በክልላችን በብዛት ተዛምቶ ነበር። የማያሳክክ፣ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ምልክት ከታየ ግን ቅባት ሳይሞክሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም አካል ሳይጎድል ይዳናል። ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ ያለው አለርት በዚህ ሕክምና ከቀድሞ ጀምሮ ይታወቃሉ።

ለለጋሾቻችን የምንለው ይህ ነው። ከጂዳም ሆነ ከዱባይ የተገዛ ቅባት በሻንጣ ከመላክ፣ ባለሙያ አይቶ ያዘዘውን እዚሁ መግዣ መስጠት ይበልጣል። ሰደቃው ለአንድ ቲዩብ ሳይሆን ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምና ይታሰብ፤ በአንድ ቤት ምልክቱ ያለባቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከሙ፤ ለየልጁም የራሱ ፎጣ ይጨመር። አሳዳጊዎችም ቲዩቡን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ባለ መደርደሪያ አታስቀምጡት። አብዛኞቹ ቅባቶች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቀመጥ አለባቸው፤ በእኛ ቆላ ቤት ውስጥ ለዚህ የሚሻለው ቦታ ከውሃው እንስራ አጠገብ ያለው ጥላ ነው።