ሌሎች የሚጠቁሙት ጽሑፍ፦ የማያያዣዎች ሒሳብና የጸሐፊው ድርሻ

አንድ ተማሪ «የፈሳሾች መፍላት» በሚል ርእስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በድረ ገጽ ላይ አወጣ እንበል። ጽሑፉ ስሕተት የለበትም፤ ቋንቋውም የተስተካከለ ነው። ይሁንና ወራት አልፈውም አንባቢዎቹ ከቅርብ ጓደኞቹ አይዘሉም፤ «ይህን ተመልከቱ» ብሎ ወደ ጽሑፉ የሚመራ ሌላ ጸሐፊም አይገኝም። ይህ የዕድል ጉዳይ ነው ወይስ የራሱ ሕግ አለው? ጥያቄውን በመጀመሪያ በሒሳብና በፊዚክስ ዓይን እንመረምራለን፤ ቀጥሎም ከምርመራው ለጸሐፊ የሚሆን ትምህርት እናወጣለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማያያዣ ምስክርነት ነው

አንዱን ድረ ገጽ ከሌላው ጋር የሚያገናኘውን፣ በተለምዶ ሊንክ የምንለውን ነገር፣ እዚህ ማያያዣ ብለን እንጠራዋለን። ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ተመራማሪ ሥራውን ሲያሳትም የተደገፈባቸውን የቀድሞ ሥራዎች በዋቢነት ይጠቅሳል። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ እነዚህን ዋቢዎች በመከተል ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ማፈላለግ እንደሚቻል በ1955 ሐሳብ አቀረበ፤ በዚሁ መሠረት በ1960ዎቹ የሳይንስ ዋቢዎች ማውጫ መታተም ጀመረ። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በሰርን የፊዚክስ ምርምር ማእከል የዛሬውን ድር ያቀደውም በተመራማሪዎች ዘንድ ተበታትኖ የሚገኘውን መረጃ ለማያያዝ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ማያያዣ በመሠረቱ ምስክርነት መሆኑን ነው። ሰው ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚመራው ለጸሐፊው ውለታ ለመዋል ሳይሆን ለራሱ ክርክር ድጋፍ ስለሚያስፈልገው ነው።

ምስክርነት ሁሉ እኩል አይመዝንም

በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የጎግል መሠረት የሆነውን ፔጅራንክ የተባለ የአመዛዘን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ዘዴው ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በውኃ ላይ እንደምትንሳፈፍ ብናኝ በዘፈቀደ የሚጓዝ አንድ አንባቢ እናስብ። ይህ አንባቢ በደረሰበት ገጽ ላይ ካሉት ማያያዣዎች አንዱን ያለ ምርጫ ይከተላል። ከረዥም ጉዞ በኋላ በአንድ ገጽ ላይ የሚገኝበት ዕድል የዚያ ገጽ ክብደት ይሆናል።

ሦስት ገጾች ብቻ ያሉበትን ድር እንውሰድ። «ሀ» ወደ «ለ» እና ወደ «ሐ» ይመራል፤ «ለ» ወደ «ሐ» ይመራል፤ «ሐ» ደግሞ ወደ «ሀ» ይመራል። እያንዳንዱ ገጽ ክብደቱን ለሚመራባቸው ገጾች እኩል ስለሚያከፋፍል የሚከተሉትን እናገኛለን፦

ሀ = ሐ
ለ = ሀ ÷ 2
ሐ = ሀ ÷ 2 + ለ
ሀ + ለ + ሐ = 1

መፍትሔው ሀ = 0.4፣ ለ = 0.2፣ ሐ = 0.4 ነው። «ሀ» እና «ለ» እያንዳንዳቸው የተቀበሉት አንድ ማያያዣ ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። ሆኖም የ«ሀ» ክብደት የ«ለ» እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም «ሐ» ሙሉ ምስክርነቱን ለ«ሀ» ሲሰጥ «ለ» ያገኘው የ«ሀ»ን ግማሽ ብቻ ነው። ወሳኙ ስንት ሰው መሰከረ የሚለው ብቻ ሳይሆን ማን መሰከረ፣ ለስንትስ አካፈለ የሚለው ጭምር ነው።

በእውነተኛው ስሌት አንባቢው በ0.85 ዕድል ማያያዣ ይከተላል፤ በ0.15 ዕድል ደግሞ ወደ ማንኛውም ገጽ ይዘላል። ጎግል ዛሬ ሌሎች በርካታ መመዘኛዎችን ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ ይህ መሠረታዊ ሐሳብ ጠቃሚነቱን አላጣም።

ዘግይቶ የመጣ ጸሐፊ ተስፋ አለውን?

ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ በ1965 የሳይንስ ጽሑፎችን ዋቢዎች ሲያጠና ጥቂት ጽሑፎች እጅግ ብዙ ጊዜ፣ አብዛኞቹ ደግሞ በጣም ጥቂት ጊዜ እንደሚጠቀሱ አሳየ። ሮበርት መርተን በ1968 ዝነኛ ተመራማሪዎች ተጨማሪ ዝና የሚያገኙበትን ክስተት በማቴዎስ ወንጌል ስም ጠራው፤ የመክሊቱን ምሳሌ የሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱ አይጠፋውም። በ1999 አልበርት ላስሎ ባራባሲና ሬካ አልበርት በድር ላይም ተመሳሳይ ሥርዓት እንዳለ አሳዩ። በግምት፣ የማያያዣ ብዛት እጥፍ ሲሆን ያን ያህል ማያያዣ ያላቸው ገጾች ቁጥር ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። አዲስ ገጽ ሲፈጠር ቀድሞ ወደ ታወቀው የመምራት ዝንባሌ አለውና።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የጻፈ ሁልጊዜ ባሸነፈ ነበር። ነገር ግን ጎግል ራሱ ከቀደሙት ብዙ የመፈለጊያ አገልግሎቶች ዘግይቶ መጥቶ በልጧቸዋል። ጂነስትራ ቢያንኮኒና ባራባሲ በ2001 ለእያንዳንዱ ገጽ «ብቃት» የሚባል መጠን በመጨመር ሞዴሉን አሻሻሉት። በተሻሻለው ሞዴል አንድ ገጽ አዲስ ማያያዣ የማግኘት ዕድሉ ያሉት ማያያዣዎች በብቃቱ ሲባዙ ከሚገኘው ውጤት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለዚህ ብቃቱ ከፍ ያለ ገጽ ዘግይቶም ቢመጣ ቀዳሚዎቹን ሊደርስባቸው ይችላል። ዕድሜን መለወጥ አንችልም፤ ብቃት ግን በጸሐፊው እጅ ነው።

ብቃት ከምን ይመጣል?

አሜሪካዊው የሒሳባዊ ፊዚክስ ምሁር ጆን ቤዝ ከ1993 እስከ 2010 በኢንተርኔት 300 ተከታታይ ጽሑፎችን አቅርቧል። የሚጽፈው በየጊዜው ስላነበባቸው ከባድ ምርምሮች ነበር፤ ምንነታቸውን በወዳጅ አነጋገር እያስረዳ አንባቢውን ወደ ዋናዎቹ ሥራዎች ይመራል። የሌሎችን ድካም ስለሚያቃልል ሌሎች ወደ እርሱ መርተዋል። ከዚህ አራት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ ሌላው ሊደገፍበት የሚችል ነገር ይኑር፦ የተለካ ቁጥር፣ ሠንጠረዥ፣ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ስሌት፣ ግልጽ ሥዕል። አስተያየት ይነበባል፤ መረጃ ግን ይጠቀሳል። ሁለተኛ፣ ርእሱ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይመልስ። ሦስተኛ፣ የተጠቀምንባቸውን ምንጮች ሳንሰስት እንጠቁም፤ አንባቢ የሚያምነው መመርመር የሚችለውን ነው። አራተኛ፣ የጽሑፉን አድራሻ አንቀያይር፤ አድራሻው የተለወጠ ጽሑፍ የተሰጡትን ምስክርነቶች ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። «የፈሳሾች መፍላት» በሚል ርእስ በዓለም ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ጽሑፎች አሉ። ያው ተማሪ ግን «ንፍሮ በደጋ ለምን ይዘገያል?» ብሎ ቢጽፍስ? ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የውኃ መፍያ በየ300 ሜትሩ በግምት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢፈላም ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ባቄላው ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ተማሪው ቴርሞሜትርና ድስት ይዞ በራሱ ከተማ ቢለካ፣ በሌላ ከተማ ያሉ ጓደኞቹም ቢለኩና ውጤቱን ከነስሕተት መጠኑ በሠንጠረዥ ቢያወጣው፣ መምህሩ ለክፍሉ፣ ሌላው ጸሐፊም ለአንባቢዎቹ የሚጠቁመው ሥራ ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ ሳይንስ ገና ጥቂት በመሆኑ ባዶው ቦታ ሰፊ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለ። ማያያዣ የሚገዙና ተመሳጥረው እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ብዙዎች ናቸው። ጎግል በ2012 ይህን መሰሉን ማጭበርበር ለመለየት አሠራሩን ሲያጠብቅ በርካታ ገጾች ደረጃቸውን አጥተዋል። የሐሰት ምስክር በተጠየቀ ጊዜ አይጸናም፤ በሳይንስም በድርም ይኸው ነው።

መልመጃ

ከላይ ባየነው ድር «ለ» ወደ «ሀ»ም ጭምር ቢመራ የሦስቱ ገጾች ክብደት ምን ይሆናል? (መልስ፦ ሀ = 4/9፣ ለ = 2/9፣ ሐ = 3/9።) «ለ» ለሌላው በመጠቆሙ የራሱ ክብደት ቀንሷል ወይስ ጨምሯል? ከቀድሞው 0.2 ጋር አስተያዩና ምክንያቱን አስረዱ።