ስለ ቆዳ ነቀርሳና ስለ ሰውነታችን ዘበኞች

በሰውነታችን ውስጥ ሌሊትና ቀን የማያርፉ ዘበኞች አሉ። እነዚህም ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ቲ ሕዋሳት የሚባሉት በበሽታ የተያዘውን ወይም ወደ ነቀርሳ የተለወጠውን ሕዋስ እየፈለጉ ይገድላሉ። በዚህ ወር የቆዳ ነቀርሳን እንዴት እንደሚዋጉ እንገልጻለን።

ቲ ሕዋስ ጠላቱን የሚለየው በመዳሰስ ነው። በላዩ ያለው መቀበያ በሌላው ሕዋስ ገጽ ላይ ከሚታየው የፕሮቲን ቁራሽ ጋር ሲገጥም ይይዘዋል። ነገር ግን ኃይላቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይይዛል። ቲ ሕዋሳት ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለው ቲመስ በተባለው ዕጢ ሲያድጉ፣ የገዛ ሰውነታችንን አጥብቀው የሚይዙት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ፤ ባይወገዱ ጤነኛውን አካል ባጠቁ ነበር። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ ደግሞ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ከራሳችን ሕዋሳት የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ከሚዋጉት ብዙዎቹ አላልተው የሚይዙት ናቸው። ነቀርሳው ተለውጦ እንግዳ ፕሮቲን ሲያወጣ ግን አጥብቀው የሚይዙትም ይነሡበታል።

ብርቱ ያዡ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። ውጊያው ሲረዝም ይዝላል፤ አላልቶ የሚይዘው ግን ሳይዝል ሊቈይ እንደሚችል በአይጥ ላይ በተደረገ ምርምር ታይቷል። የቲ ሕዋሳትን ልጓም የሚፈታውን ሕክምና መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ትምህርት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች ምን ይጠቅማል? በጥቁር ሕዝብ ላይ ሜላኖማ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ እሾህ የወጋው ወይም ድንጋይ የመታው እየመሰለ ይታለፋል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ሌላውን ዐይነት የቆዳ ነቀርሳ የሚያመጣባቸው ፀሐይ ነው፤ የፀሐይ ጐጂ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ከመቶ 10 ያህል ይበረታልና፣ በእነዚህ ደጋ ከተሞች ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ አይለያቸው።

እንግዲህ ማታ እግራችንን ስንታጠብ ውስጥ እግራችንን በብርሃን እንመልከት። የሚሰፋ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ የሚደማ ወይም የማይድን ምልክት ብናገኝ፣ በምላጭ ሳንቈርጥና በእሳት ሳንተኵስ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ከዚያም ወደ ቆዳ ሐኪም እንላካለን። ዘበኛ ጥቂቱን ጠላት ያሸንፋል፤ ሲበዛበት ግን ይደክማል። ነቀርሳው ትንሽ ሳለ ተቈርጦ ቢወጣ መዳን ይቻላል።